ወላጆች ሲጨቃጨቁ ታዳጊ ልጅ እንዴት ይረጋጋ?

ክብ_ጠረጴዛ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ትንንሽ ልጆች ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጠይቀው ከ13 እስከ 18 ዓመት ስላሉት ነው። እነዚህ አያለቅሱም፣ ጉያ ውስጥ አይሸሸጉም፤ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ወላጅም «ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ይገባዋል» ብሎ ያልፋቸዋል። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ፊታቸው አለመጣላት ብቻውን ይበቃል ወይ? ከጠቡ በኋላ ምን ይባላሉ? ልጁ ራሱስ ጠቡ በተነሳበት ሰዓት ምን ያድርግ? የየቤታችንን ጉድ ትተን የሚሠራውን ብቻ ብንጽፍ ደስ ይለኛል።

የምክር_ክፍል
መነሻውን ካልያዝን ምክሩ ሁሉ ይበተናልና ትንሽ ልንዛዛ።

ፓትሪክ ዴቪስና ማርክ ከሚንግስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ስለ ልጆች ስሜታዊ ዋስትና አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ዛሬም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ብዙዎች ከእሱ ይነሳሉ። ባጭሩ፣ ልጅ ወላጆቹ ሲጣሉ የሚመዝነው የጩኸቱን ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ጠቡ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ነው። «ይህ ቤት ነገም ይቆማል? ቢፈርስ እኔ የት ነኝ?» ይላል በሆዱ። መልስ ሲያጣ ስሜቱ ቶሎ ይገነፍላል። ወይ ጠቡን ለማስቆም መሃል ይገባል፣ ወይ ከቤት ይሸሻል። ስለ ቤተሰቡ በልቡ የያዘው ሥዕልም ቀስ በቀስ ይጠቁራል።

ታዳጊ ከትንሽ ልጅ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ያለፉትን ጠቦች ያስታውሳል፣ ስለዚህ የዛሬውን ብቻውን አያየውም። ያልተነገረውን ራሱ ይሞላል፤ ብዙ ጊዜም ከእውነቱ የከፋውን። ደግሞ አቅም አለው፤ መሃል መግባት፣ ወገን መያዝ፣ ሌሊቱን ውጭ ማደር ይችላል። ትንሽ ልጅ ይህን አይችልም።

«ለምዶታል» የሚባለው ነገር ስህተት ነው። ጠብ የተደጋገመበት ልጅ አይደነዝዝም፣ ይብሱን ይነቃል። በሩ እንዴት እንደተዘጋ፣ ሳህኑ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ሰላምታው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ያነባል። ከውጭ ሲያዩት ግን የተረጋጋ ይመስላል፤ ያደናገረን እሱ ነው።

ዝም_አይነቅዝም
ይህን ሁሉ ከማብዛት መፍትሔው ቀላል ነው። ልጅ ፊት አትጣሉ። ሲመሽ፣ ልጆች ሲተኙ፣ በር ዘግቶ መነጋገር። አለቀ።

የሌሊት_ሰዓት
አላለቀም ወዳጄ። ሐሳብህ ለስምንት ዓመት ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለታዳጊ ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። እንቅልፍ የሚመጣው እያመሸ ነው፤ ይህ ተፈጥሮ እንጂ ስንፍና አይደለም። «ተኝቷል» ተብሎ የሚጀመረው ክርክር ልጁ ፍጹም ነቅቶ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር በሌለበት ሰዓት ይደርሰዋል። የሚሰማውም ግማሹን ነው። ግድግዳው ቃላቱን ያስቀርና የድምፁን ቁጣ ብቻ ያሳልፋል፤ የቀረውን እሱ ይሞላል።

ከዚያ እንቅልፉ ይሰበራል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ቤታቸው ጭቅጭቅ የሚበዛባቸው ልጆች እንቅልፋቸው እንደሚያጥርና እንደሚቆራረጥ በጥናት ታይቷል፤ በማግስቱ ትምህርቱም፣ ንዴቱም፣ ራስ ምታቱም ከዚሁ ይመዘዛል። «ውጤቱ ለምን ወረደ?» ብሎ አስጠኚ ከመቅጠር በፊት ቤቱ ስንት ሰዓት ላይ ጸጥ እንደሚል ማየት ይቀድማል።

የሚሻለው ይህ ነው። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ከባድ ነገር አይነሳም። ጉዳዩ ከተነሳ አንድ መስመር ወረቀት ላይ ይጻፍና ሰዓት ይቆረጥለት፤ «ነገ 12 ሰዓት ላይ፣ እየተራመድን»። ደጅ እየተራመዱ መነጋገር ሁለት ጥቅም አለው፤ ልጁ አይሰማም፣ ሰው መሃልም ጩኸት አይመችም።

ደግሞ ስምህ «ዝም አይነቅዝም» ቢልም በጋብቻ ውስጥ ዝምታም ይነቅዛል። ከሦስት ቀን ኩርፊያ ይልቅ ለታዳጊ ቀላሉ የአሥር ደቂቃ ክርክር ነው፣ መጨረሻውን ካየ። ኩርፊያ መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅም፤ ልጁ በእንቁላል ላይ እንደሚራመድ ሰው ሆኖ ይሰነብታል።

ዝም_አይነቅዝም
ስሜን ተውልኝ እንጂ። 😄 ስለ ሰዓቱ ያልከውን ግን ተቀብያለሁ።

ክብ_ጠረጴዛ
«መጨረሻውን ካየ» ያልከው ላይ እንቁም። መጨረሻው እንዴት ነው የሚታየው? ልጅ ፊት ይቅር መባባል ትንሽ ቲያትር አይመስልም?

የምክር_ክፍል
ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

ከሚንግስና ባልደረቦቹ ልጆችን የአዋቂዎች ጠብ የተቀረጸበት ምስል እያሳዩ ብዙ ሙከራ አድርገዋል። ልጆቹ መፍትሔ ያገኘውን ጠብ ሲያዩ ጭንቀታቸው በጣም ይቀንሳል፤ ግማሽ መፍትሔ እንኳ ጭራሽ ካለመፍትሔ ይሻላል። ዕርቁ የተፈጸመው ከዓይናቸው ውጭ ቢሆንና በኋላ ቢነገራቸውም ይረዳል። ስለዚህ ዕርቁን መድረክ ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ማሳወቅ ግን ግድ ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጠቡ ሳሎን ይጀመራል፣ ዕርቁ መኝታ ቤት ያልቃል፣ ልጁ የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

አነጋገሩ እንዲህ ይሁን። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ከትምህርት ቤት በፊት። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ። ቢቻል ሁለቱም ወላጆች ባሉበት፤ ካልሆነ አንዱ፣ ሌላውን ሳይከስ። መጀመሪያ የሰማው ነገር እውነት መሆኑ ይነገረዋል፦ «ትናንት ማታ ተጯጩኸናል፤ እንደሰማህ አውቃለሁ።» ቀጥሎ ከጫንቃው ላይ ሸክሙ ይነሳለታል፦ «አንተ ያመጣኸው አይደለም፣ የምትጠግነውም አይደለም።» ከዚያ ነገሩ የት እንደደረሰ፦ «በገንዘቡ ነገር ተስማምተናል» ወይም «ገና አልተስማማንም፣ ቅዳሜ እንነጋገራለን።» በመጨረሻ የእሱ ቀን እንዳልተናጋ፦ «የነገው ጨዋታህ እንዳለ ነው፣ እኔ አደርስሃለሁ።» ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ለልጁ ግን ቤቱ መቆሙን የምታረጋግጥለት እሷ ናት።

የሚያበላሹትንም ላንሳ። «ምንም የለም፣ ተኛ» የሚባለው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ልጁ የሰማውን ስለሚያውቅ ወይ ጆሮውን ወይ ወላጁን መጠራጠር ሊጀምር ነው። «ጮኼብሃለሁ፣ ይቅርታ፣ ግን እናትህ…» ከተባለ «ግን» የቀደመውን ሁሉ ትበላዋለች። «ዳግመኛ አንጣላም» አይባል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰበራል፣ ከሱ ጋር የወላጁ ቃል በሙሉ ይሰበራል። ይልቅ የሚቻለውን ቃል መግባት ነው፦ «እንደገና ልንከራከር እንችላለን፤ ስድብ ግን አይኖርም፣ እንዴት እንዳለቀም እንነግርሃለን።» ዝርዝሩ አይነገር፤ የክህደት፣ የዕዳ፣ የአማት ጉዳይ የልጁ አይደለም። ማን ልክ እንደሆነም አይጠየቅ፤ በቀልድም ቢሆን።

ጠቡ ስለ ልጁ ሲሆን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ውጤቱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ጓደኞቹ የተነሳ ክርክር ከሆነ ራሱን መውቀሱ አይቀርም፤ ኀፍረቱም ይበረታል። እዚያ ላይ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብቻውን አይበቃም፤ ስሙ ሲጠራ ሰምቷላ። የሚሻለው፦ «ስለ ስልክህ ሕግ እኔና አባትህ የተለያየ ሐሳብ አለን። መስማማት የእኛ ሥራ ነው። ስንስማማ አንድ ላይ ሆነን እንነግርሃለን።» ከዚያም በእርግጥ አንድ ላይ ሆኖ መንገር።

ብርቱካን_ልጣጭ
ልጁ «ልትፋቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅስ? ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት ጥያቄ ይሄ ነው።

የምክር_ክፍል
እውነቱ ይነገረዋል፤ ሦስት ዓይነት እውነት አለ። ሐሳቡ ከሌለ፦ «አይ፣ አንፋታም፤ የተከራከርነው ስለ ሥራ ሰዓት ነው።» ካልታወቀ፦ «አስቸጋሪ ጊዜ ላይ ነን፣ እርዳታ እየጠየቅን ነው። የሚወሰን ነገር ካለ ከሌላ ሰው አትሰማም፣ ከእኛ ትሰማለህ።» ከተወሰነ ደግሞ ቀኑ፣ የት እንደሚኖር፣ ትምህርት ቤቱ ይቀየር እንደሆነ፣ ሁለቱን መቼ መቼ እንደሚያይ። ታዳጊ «ሁለታችንም እንወድሃለን» ከሚለው ይልቅ ማክሰኞ የት እንደሚያድር ማወቅ ያረጋጋዋል። ፍቅሩ አይነገር ማለቴ አይደለም፤ ማክሰኞን አይተካም ማለቴ ነው።

ሦስተኛ_ወንበር
እስካሁን ያልተነሳው ልጁን መሃል ማስገባት ነው። የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎች ሦስት ማዕዘን ይሉታል፤ መሬይ ቦወንም ሳልቫዶር ሚኑቺንም ብዙ ጽፈውበታል። ሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ተስቦ ይገባል፤ ቤት ውስጥ ለዚህ የቀረበው ደግሞ ታዳጊው ነው። ይሰማል፣ ይረዳል፣ ሚስጥር ይይዛል። ወላጁ የልብ ወዳጅ ያገኘ ይመስለዋል፣ ልጁም በመታመኑ ይኮራል። ዋጋው በኋላ ነው የሚመጣው፤ አንዱን ወላጅ መውደድ ሌላውን መክዳት ሲሆንበት።

በየቀኑ የሚታዩት መልኮቹ እነዚህ ናቸው። «ለአባትሽ እራት ደርሷል በይው»፣ እሱ አንድ ሜትር ላይ ተቀምጦ። «እናትህ ዛሬ ከማን ጋር ስታወራ ነበር?» «ይሄን ለእናትህ እንዳትነግር።» «ለእናንተ ብዬ ነው የኖርኩት»፤ ይህ ፍቅር መስሎ ዕዳ ያስይዛል። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ዘመን ደግሞ አዲስ ጨምሯል። የባልን መልእክት ስክሪንሾት አድርጎ ለልጅ መላክ፣ በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ በምጸት መወጋጋት፣ በልጁ ስልክ የሌላውን ፕሮፋይል ማየት። ሁሉም ያው መልእክተኝነት ነው።

ወላጅ ይህን ለማቆም ምትክ መንገድ ካላገኘ «አቁም» ቢባል አይሆንለትም። ጉዳዩ በቀጥታ ለመናገር የሚከብድ ከሆነ አጭር ጽሑፍ ለራሱ ለባለቤቱ ይላክ፤ ጉዳይ ብቻ፣ ስሜት ሳይጨመርበት። ልብን ማውራት ከተፈለገ አንድ አዋቂ ይመረጥ፣ የሁለቱንም ስም የሚጠብቅ።

ለልጁም መውጫ ቃል ይሰጠው። «ይሄን ራስሽ ብትነግሪው ይሻላል» ወይም «ሁለታችሁንም እወዳለሁ፤ ስለ እሱ ለእኔ አታውሪኝ።» ታዳጊው ይህን ሲል ድፍረት አይደለም። ወላጅ አስቀድሞ «እንዲህ ማለት ትችላለህ፣ አልቆጣም» ካለው ደግሞ ይቀለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሁሉ የምትዘነጋው ልጅ የማታስቸግረው ናት። የምታበስለው፣ ታናናሾቿን የምታስጠናው፣ ድምፅ ከፍ ሲል ቀልድ ፈጥራ ወሬ የምታስቀይረው። ሁሉ ያመሰግናታል። ቤቱን ተሸክማ የቆመችው ግን እሷ ናት፤ ስትደክም የሚያውቅላት የለም።

ብርቱካን_ልጣጭ
የመጨረሻው አንቀጽ ከባድ ነው።

ረጅም_ትንፋሽ
ልጁ በዚያ ሰዓት ምን ያድርግ ለሚለው፣ ቀጥታ ለታዳጊዎች ልጻፍ።

መሃል አትግባ። ተራ ጭቅጭቅ ቢሆንም አታስታርቅ፤ አንዴ ከተሳካልህ ሥራው ያንተ ይሆናል። ክፍሉን ልቀቅ፤ ታናናሾችህ ካሉ ይዘሃቸው ውጣ፣ «ኑ እዚህ እንሁን» ብቻ በላቸው፣ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከዚያ መጀመሪያ ሰውነትህን ነው የምታረጋጋው፤ ልብህ እየደለቀ ሳለ ሐሳብህን ላስተካክል ብትል አይሆንም። በአፍንጫህ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ 6 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አስወጣ፤ ለሦስት እስከ አምስት ደቂቃ። የሚያረጋጋው የማስወጫው መርዘም ነው። ብዙ ሰው በኃይል እየሳበ ቶሎ ይለቀዋል፣ ከዚያ ራሱን ያዞረዋል። ካዞረህ አቁምና በተለመደው መንገድ ተንፍስ። እጅህን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከርም ይረዳል።

ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፦ «ይህ የእነሱ ነው፤ የእኔ ሥራ ___ ነው።» ባዶውን በሚጨበጥ ነገር ሙላው፤ የቤት ሥራ፣ ገላ መታጠብ፣ መተኛት።

የጆሮ ማዳመጫ አድርገህ ሙዚቃ መክፈትም ጥሩ ነው።

የሌሊት_ሰዓት
በመጨረሻው አልስማማም፣ ቢያንስ በጥቅሉ። ጮክ ያለ ሙዚቃ ሌሊት እንቅልፍ ያባርራል፤ ልጁም በየደቂቃው እያወለቀ «ቆሙ?» እያለ ያዳምጣል፣ ንቃቱ ይብሳል። ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ንግግር ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የተተረከ መጽሐፍ፣ ይሻላል። ጠቡ ወደ እጅ ሊያልፍ በሚችልበት ቤት ደግሞ ጆሮን መዝጋት አደጋ ነው።

ረጅም_ትንፋሽ
ልክ ነህ። ያንን መለየት ነበረብኝ።

ቀይ_መስመር
እኔ ልለየው፤ ምክንያቱም ከዚህ በላይ የተጻፈው አብዛኛው ለጭቅጭቅ ነው፣ ለጥቃት አይሠራም። መምታት፣ መግፋት፣ ዕቃ መወርወር፣ በር ላይ ቆሞ አላሳልፍም ማለት፣ «እገድልሻለሁ» ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» እያሉ ማስፈራራት፣ አንዱ ሌላውን ፈርቶ መኖር፤ ይህ ጠብ አይባልም። እዚህ ቤት ውስጥ «ተቀምጠን እንነጋገር» ማለት የሚጎዳውን ሰው ይበልጥ ያጋልጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማማከርም እንዲሁ።

ታዳጊው ማወቅ ያለበት፦ መሃል አይቆምም፣ የሚወደው ሰው ቢመታም። በታዳጊ ዕድሜ ያሉ ወንዶች እናታቸውን ለማዳን ገብተው ክፉኛ ይጎዳሉ። የሚያድነው ሰው መጥራቱ ነው። ወጥ ቤትና መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ አይሸሸግም። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን በቃሉ ይይዛል፣ ስልኩ ሊወሰድ ይችላልና። በማንኛውም ሰዓት ሊሄድበት የሚችል አንድ ቤት አስቀድሞ ይመረጣል፣ ባለቤቱም ያውቃል። ከዚያ ሰው ጋር አንድ የተስማሙበት ቃል ይኖራል፤ «የሒሳብ ደብተሬን ረሳሁ» የሚል መልእክት ሲደርሰው «ናና ውሰደኝ» ማለት እንደሆነ እንዲገባው። ጥሪ ካደረገ በኋላ ቁጥሩን ማጥፋትም ያስፈልገው ይሆናል።

የሌሊት_ሰዓት
ለወላጆችም አንድ የሰውነት ነገር ልጨምር። ጆን ጎትማን ባለትዳሮችን ሲያጠና እንዳየው፣ በክርክር መሃል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው ማዳመጥ ያቅተዋል፤ ቃሉ ይገባዋል፣ ሐሳቡ አይገባውም። ያኔ መቋረጥ አለበት፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፤ ሰውነት ለመብረድ ያን ያህል ይፈልጋልና። በዚያ ጊዜ «ይሄንንም እላታለሁ» እያሉ መሰናዳት ዕረፍቱን ገደል ይከተዋል።

ለታዳጊው ግን ከዕረፍቱ በላይ የሚያስፈልገው መመለሻው ነው። በሩን ወርውሮ የወጣ አባት ለልጁ ጥሎ የሄደ ነው። «በጣም ተናድጃለሁ፣ በ2 ሰዓት ተመልሼ እንቀጥላለን» ብሎ የወጣ፣ በ2 ሰዓትም የተመለሰ፣ ሌላ ሰው ነው። ያው በር፣ ያው ቁጣ።

የምክር_ክፍል
ባለሙያ ጋ መሄድ መቼ ነው ለሚለው ቶሎ ልበል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የእንቅልፍ ወይም የምግብ መዛባት፣ ሐኪም ምክንያት ያላገኘለት የሆድ ቁርጠትና ራስ ምታት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ መጠጥ። ራስን ስለ መጉዳት ወይም ስለ መሞት ከተናገረ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። ብቻውን አይተው፣ ሊጎዳበት የሚችል ነገርም ከአጠገቡ ይራቅ።

ክብ_ጠረጴዛ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ቀርቶኛል። ሁሉን ብናደርግም ልጁ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ በሩን ቢዘጋስ?

ሦስተኛ_ወንበር
ይዝጋ። በር መዝጋት ለታዳጊ መብት ነው፤ አንኳኩቶ መጠበቅ ደግሞ የወላጅ ፈንታ።

ፊት ለፊት አስቀምጦ «ንገረኝ» ማለት ምርመራ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ሲሆን ይቀለዋል፦ መኪና ውስጥ፣ ዕቃ እያጠቡ፣ እየተራመዱ። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ራሱ ይረዳል። ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። «ምን ተሰማህ?» ሰፊ ነው፤ መልሱ «ምንም» ይሆናል። «ትናንት ማታ ከሰማኸው ውስጥ ያስጨነቀህ የቱ ነው?» ጠባብ ነው፣ ይመለሳል። ካልተመለሰም አጭር ጽሑፍ ይላክለት፦ «ስለ ትናንቱ መጠየቅ የምትፈልገው ካለ ጻፍልኝ፤ ባትጽፍም አልከፋም።» መልሱ በአራተኛው ቀን፣ ሌላ ወሬ መሃል፣ እንደ ዘበት ሊመጣ ይችላል።

ዝም_አይነቅዝም
ሲመጣስ ምን እንበለው?

ሦስተኛ_ወንበር
መጀመሪያ ስልኩን ማስቀመጥ። ከዚያ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብቻ። «ተሳስተሃል፣ እንደዚያ አላልኩም» ከተባለ አምስተኛ ቀን የለም።